እሳቱ የት ነው? ከቦስተን የቴሌግራፍ ሣጥን እስከ ባለ አድራሻው የእሳት ማስጠንቀቂያ

መግቢያ

የእሳት አደጋን ለሕዝብ ማሰማት ጥንታዊ ሥራ ነው። ደወል መደወል፣ መለከት መንፋት፣ ጥይት መተኰስ፣ «እሳት! እሳት!» ብሎ መጮኽ በየአገሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጩኸት ለሰሚው የሚነግረው እሳት መነሣቱን ብቻ ነው፤ የት እንደ ተነሣ አይነግረውም። ሰሚው ከቤቱ ወጥቶ ጭሱን በዐይኑ መፈለግ ወይም ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረበት። በትንሽ መንደር ይህ ብዙ ችግር አያመጣም። በትልቅ ከተማና በትልቅ ሕንፃ ግን እሳት መኖሩን በማወቅና ያለበትን ስፍራ በማወቅ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ብዙ ንብረትና ብዙ ነፍስ የሚጠፋበት ጊዜ ነው።

በዛሬው ዘመን በሆቴል፣ በሆስፒታል፣ በባንክና በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጣሪያ ላይ ክብ ነጫጭ ዕቃዎች ተተክለው ይታያሉ። እነዚህ ጭስ ወይም ሙቀት የሚለዩ ዲቴክተሮች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቍጥር አላቸው፤ ቍጥሩ አድራሻ ይባላል፤ መላው ስልትም ባለ አድራሻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ስልት የኮምፒዩተር ዘመን ፍሬ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሳቡ ከዚያ እጅግ የቀደመ መሆኑን ማስረዳት፣ እንዲሁም መሣሪያው ብዙ ጊዜ ሲለወጥ አንድ ድካም ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ መቅረቱን ማሳየት ነው። ይኸውም ቍጥሩን ከስፍራው ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሰው እጅ የሚጻፍና በሰው ዐይን የሚነበብ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በአገራችን አቈጣጠር ተጽፏል።

፩. የቦስተን ሣጥኖች

የማሳቹሴትስ ዋና ከተማ ቦስተን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መካከል ጠባብ መንገዶችና ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶች የበዙባት ከተማ ነበረች። እሳት በተነሣ ጊዜ ደወል ይደወላል፤ እሳት አጥፊዎቹም ድምፁን ሰምተው ወደ መሰላቸው አቅጣጫ ይሮጣሉ። ዊልያም ፍራንሲስ ቻኒንግ የተባለ የዚያ ከተማ ሰው ሕክምና ተምሮ ሳለ ልቡ ያዘነበለው ወደ ኤሌክትሪክ ነበር። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የቴሌግራፍ መልእክት ባስተላለፈ በዓመቱ፣ ቻኒንግ በአንድ የቦስተን ጋዜጣ ላይ ይኸው ቴሌግራፍ ለእሳት ማስጠንቀቂያ ሊውል እንደሚችል ጻፈ። ሞዝስ ፋርመር የተባለ የኤሌክትሪክ ዐዋቂም በሥራው አገዘው። የከተማው ምክር ቤት በ1851 ለዚሁ ጉዳይ 10,000 ዶላር ፈቀደ፤ መስመሩም ተዘርግቶ በኤፕሪል 28 ቀን 1852 ሥራ ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየመንገዱ የብረት ሣጥን ይሰቀላል፤ ለእያንዳንዱም ሣጥን ቍጥር ይሰጠዋል። በሣጥኑ ውስጥ ጥርስ ያለው መዘውር አለ፤ ጥርሶቹ የሚቈረጡት የዚያን ሣጥን ቍጥር እንዲያመለክቱ ሆነው ነው። እጀታው በተዞረ ጊዜ መዘውሩ ይዞራል፤ ጥርሶቹም በሽቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እያቋረጡና እየቀጠሉ ቍጥሩን ወደ ማእከላዊው ጽሕፈት ቤት ያደርሳሉ። በዚያ ያለው ሠራተኛ ቍጥሩን ካነበበ በኋላ በሌላ መስመር የከተማውን ደወሎች ያስደውላል፤ ደወሎቹም እሳቱ ያለበትን የከተማ ክፍል በምታቸው ብዛት ለእሳት አጥፊዎቹ ይነግራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እጀታውን የሚያዞረው ሰው ስለ ስፍራው አንድ ቃል እንኳ አይናገርም። ለከተማው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የመንገዱን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ከድንጋጤ የተነሣ አንደበቱ ሊተሳሰር ይችላል። ሣጥኑ ግን ያለበትን ስፍራ ቍጥር በብረት ተቀርጾበት ይዞታል። ስለዚህ የቻኒንግና የፋርመር ሥራ ዋና ፍሬ ወሬውን ማፍጠኑ ብቻ አይደለም፤ ወሬውንና ስፍራውን አንድ ላይ አስሮ መላኩ ነው። ይሁን እንጂ የተላከው ቍጥር ራሱ ስፍራ አይደለም። ቍጥሩ ወደ ስፍራ የሚለወጠው በጽሕፈት ቤቱና በየእሳት አጥፊው ጣቢያ ባለው የሣጥኖች ዝርዝር አማካይነት ነው። ቍጥሩ በብረት፣ ትርጕሙ በወረቀት ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ጕድለት ነበረባቸው። እጀታው በዝግታና በእኩል ፍጥነት ካልተዞረ ምልክቱ ይደባለቃል፤ እሳት ያየ ሰው ደግሞ በዝግታ ለማዞር ትዕግሥት የለውም። ከጊዜ በኋላ ሠሪዎቹ እጀታውን በጥምዝ የብረት ሞላ ተኩት፤ ሰው አንድ ጊዜ ከሳበው በኋላ ሣጥኑ ራሱ በተወሰነ ፍጥነት ቍጥሩን ይልካል። ቻኒንግ በ1855 ስለ ሥራው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ንግግር አደረገ፤ በ1857 ከፋርመር ጋር የፈጠራ መብት ወረቀት አገኘ። የደቡብ ካሮላይና ሰው የሆነው ጆን ጌምዌል መብቱን በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ገዝቶ ሣጥኖቹን ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች አስፋፋ። ጌምዌል የሚለው ስም ከእሳት ማስጠንቀቂያ ሣጥን ጋር ተያይዞ የታወቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

፪. የሺካጎው ሣጥን ቍጥር 342

ቍጥሩና ስፍራው ሲለያዩ ምን እንደሚደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የታየው በሺካጎ ከተማ ነው። ከተማዋ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራች ነበረች፤ በ1871 ክረምትና መከር ዝናብ ስላልዘነበ ደርቃ ነበር። በኦክቶበር 7 ሌሊት ትልቅ እሳት ተነሥቶ እሳት አጥፊዎቹን እጅግ አድክሟቸው ነበር። በማግሥቱ እሑድ፣ ኦክቶበር 8፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በከተማው ምዕራባዊ ክፍል በዴኮቨን መንገድ ሌላ እሳት ተነሣ።

ሺካጎ የቴሌግራፍ ሣጥኖች ነበሯት። ከዚህም ሌላ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ማማ ላይ ከተማውን ዙሪያውን የሚመለከት ጠባቂ ይቆም ነበር። በዚያች ምሽት ተረኛ የነበረው ማቲያስ ሻፈር ነበልባሉን ከሩቅ አየና ስፍራውን ገምቶ፣ በታች ለሚሠራው ለቴሌግራፍ ሠራተኛው ለዊልያም ብራውን ሣጥን ቍጥር 342 እንዲመታ ነገረው። ቍጥር 342 የሚገኘው እሳቱ ካለበት ስፍራ አንድ ማይል ያህል ርቆ ነበር። ሻፈር ብዙም ሳይቆይ ስሕተቱን ዐውቆ ለእሳቱ ይበልጥ የሚቀርበውን ቍጥር 319 እንዲመታ ጠየቀ። ብራውን ግን አልተቀበለውም፤ ሁለተኛ ቍጥር መምታት እሳት አጥፊዎቹን ያደናግራቸዋል ብሎ ፈራ።

እሳቱ እስከ ኦክቶበር 10 ድረስ ነደደ። ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። የዚህ ሁሉ ጥፋት ምክንያት ያ የተሳሳተ ቍጥር ነው ማለት ግን ትክክለኛ የታሪክ ፍርድ አይሆንም። ድርቁ፣ ብርቱው ነፋስ፣ የእንጨቱ ቤትና የእሳት አጥፊዎቹ ድካም እያንዳንዳቸው ድርሻ ነበራቸው። ከእሳት አጥፊ ጓዶችም አንዱ የማንንም ቍጥር ሳይጠብቅ ነበልባሉን በራሱ ጠባቂ ዐይን አይቶ ወደ ስፍራው ሄዷል። ይሁንና ገና ትንሽ በነበረበት ሰዓት እሳቱ ላይ ሊደርሱ ይችሉ የነበሩ መኪናዎች ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄዳቸው የማይካድ ነው።

ይህን ታሪክ ከመሣሪያው አንጻር ብንመረምረው ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የቦስተኑ አሳብ ተገልብጦ ነበር የተሠራበት። ሣጥኑ ካለበት ስፍራ እንዲናገር በማድረግ ፈንታ፣ ከሩቅ ያለ ሰው በግምት ሣጥን መርጦለት ተናገረ። ሁለተኛ፣ ሰሚዎቹ ቍጥሩን እንደ ሰው ግምት አልተቀበሉትም፤ እንደ መሣሪያ ምስክርነት ተቀበሉት እንጂ። የመሣሪያን ቃል ሰው ቶሎ ያምናል፤ ስለዚህም በመሣሪያ አፍ የተነገረ ስሕተት በሰው አፍ ከተነገረው ይልቅ ለማረም ይከብዳል። ብራውን ሁለተኛውን ቍጥር የከለከለው ከክፋት ሳይሆን ለሥርዐቱ ንጽሕና ከማሰብ ነበር።

፫. ዲቴክተሩ ሲፈጠር አድራሻው ጠፋ

የመንገዱ ሣጥን ሰው እንዲያየውና እንዲስበው ይጠብቃል። በሌሊት፣ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ለሚነሣ እሳት ግን የሚስበው ሰው የለም። ስለዚህ ከሣጥኑ ጎን ለጎን በራሱ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ይፈለግ ነበር። ከቶማስ ኤዲሰን ጋር ይሠራ የነበረው ፍራንሲስ አፕተን ከፈርናንዶ ዲብል ጋር በ1890 በሙቀት ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ማስጠንቀቂያ የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀበለ። የሙቀት መሣሪያዎች በቀላል መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሲሞቅ የሚቀልጥ ወይም የሚጎብጥ ብረት ኤሌክትሪክን ይቀጥላል ወይም ይቈርጣል። ነገር ግን ሙቀት ጣሪያው ድረስ በርትቶ እስኪደርስ እሳቱ ትልቅ ይሆናል።

ጭስን የሚለየው መሣሪያ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የስዊስ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ዬገር መርዛም ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ይደክም ነበር። ጋዙ በመሣሪያው ላይ ለውጥ አላመጣለትም፤ ሲጋራ ባጨሰ ጊዜ ግን የመለኪያው ቀስት ተንቀሳቀሰ። የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሁለት ሳሕኖች መካከል ያለውን አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ የጭስ ቅንጣቶች በገቡ ጊዜ ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። የሥራ ባልደረባው ኤርንስት ማይሊ ይህን እጅግ ደካማ ምልክት የሚያጐላ ልዩ ቱቦ ሠራ፤ ሁለቱም በ1941 በባድ ራጋዝ ከተማ ሰርበረስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከዚያም በብርሃን የሚሠራው ዲቴክተር ተስፋፋ። በእርሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ጨረር ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ጭስ ሲገባ ብርሃኑን በትኖ ወደ ተቀባዩ ያደርሰዋል።

እነዚህ ዲቴክተሮች በሕንፃ ውስጥ ሲተከሉ ብዙዎቹ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ይያያዛሉ። በደኅና ጊዜ በሽቦው ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ያልፋል፤ አንዱ ዲቴክተር ጭስ ባገኘ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የመቈጣጠሪያው ፓኔልም ይህን አይቶ ደወሉን ያስጮኻል። ፓኔሉ የሚያውቀው ግን ጥንዱን ሽቦ ነው፤ ከጥንዱ ላይ የትኛው ዲቴክተር እንደ ተናገረ አያውቅም። በአንድ ጥንድ ሽቦ የሚጠበቀው ክፍል ዞን ይባላል። የእንግሊዙ ደንብ፣ ቢ ኤስ 5839፣ አንድ ዞን ከ2,000 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል። እንግዲህ 2,000 ካሬ ሜትር ማለት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ የተዘጉ በሮች ያሉበት ፎቅ ማለት ነው። በተናገረው ዲቴክተር ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ነገር ግን በተዘጋ በር ኋላ የበራችን መብራት ከኮሪደር ሆኖ ማየት አይቻልም።

በታሪኩ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የ1852ቱ ሣጥን ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ያለበትን ስፍራ ግን ይናገር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ዲቴክተር ሰው አያስፈልገውም፤ ያለበትን ስፍራ ግን አይናገርም። ደወሉ ዐይን አግኝቶ አድራሻውን አጣ ማለት ይቻላል።

፬. ስም የሚጠራው ፓኔል

አድራሻው የተመለሰው ማይክሮፕሮሴሰር የተባለው ትንሽ የኮምፒዩተር አካል በረከሰ ጊዜ፣ በተለይም ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። በዚህ ስልት እያንዳንዱ ዲቴክተር ቍጥር ይሰጠዋል፤ ፓኔሉም አስተማሪ በክፍል ውስጥ የተማሪዎችን ስም እንደሚጠራ ቍጥሮቹን ተራ በተራ ይጠራል። ቍጥሩ የተጠራው ዲቴክተር ብቻ «አቤት» ይላል፤ ከዚህም ጋር በውስጡ ያገኘውን የጭስ ወይም የሙቀት መጠን ይናገራል። ጥሪው ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ይመላለሳል። ለዲቴክተሮቹ ኀይል የሚሰጠውና ጥሪውን የሚያደርሰው አንዱ ጥንድ ሽቦ ነው፤ ኀይሉ ብዙ ጊዜ ወደ 24 ቮልት ይጠጋል።

ይህ ስልት የቦስተኑ ሣጥን ያልነበረውን አንድ ጥቅም አመጣ። የመንገዱ ሣጥን ተበላሽቶ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሲመረመር ወይም ሲፈለግ ነበር። በባለ አድራሻው ስልት ግን ቍጥሩ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ዲቴክተር ወዲያው ይታወቃል፤ ዝምታውም ራሱ ወሬ ይሆናል።

ሽቦው ከፓኔሉ ተነሥቶ ዲቴክተሮቹን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ወደ ፓኔሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀለበት ይባላል። በአንድ ስፍራ ቢቈረጥ ፓኔሉ ከሁለቱም ጫፍ ጥሪውን ይቀጥላል። ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ደግሞ በየመካከሉ የተቀመጡት መለያዎች የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለይተው ያወጡታል። የአውሮጳው ደንብ፣ ኢ ኤን 54፣ አንድ ብልሽት ከ32 በላይ ዲቴክተሮችን እንዳያጠፋ ያዝዛል።

ቍጥሩ የሚሰጥበት መንገድ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በአንዳንዱ ዲቴክተር ላይ ሁለት ትንንሽ የሚዞሩ ቍጥሮች አሉ፤ አንዱ ዐሥሮችን፣ ሁለተኛው አንዶችን ያመለክታል፤ በቀጭን ካቻቢቴ ይዞራሉ። በሌላው ሰባት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 የሚል ዋጋ አላቸው። ቍጥር 37ን ለመስጠት የ32ቱ፣ የ4ቱና የ1ዱ ይከፈታሉ፤ ድምራቸው 37 ነውና። አፖሎ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ኤክስፒ 95 በሚለው ሥራው በአንድ ቀለበት ላይ እስከ 126 አድራሻ ይፈቅዳል፤ ቍጥሩንም በዲቴክተሩ ራስ ላይ ሳይሆን ጣሪያው ላይ በሚቀረው መቀመጫ ውስጥ በምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ይቀርጸዋል። ራሱ ለጽዳት ወርዶ ሌላ ቢተካ ቍጥሩ ከስፍራው ጋር ይቀራል። ይህ በሣጥኑ መዘውር ላይ ቍጥርን ከመቅረጽ ጋር አንድ አሳብ ነው።

በቀለበቱ ላይ ከዲቴክተር ሌላ ሞጁሎች ይያያዛሉ። ሞጁል ማለት የራሱ አንደበት ለሌለው ዕቃ አድራሻ የሚያበድር ትንሽ መሣሪያ ነው። የመከታተያው ሞጁል ለምሳሌ በእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ውስጥ ውሃ መፍሰሱን ሰምቶ ለፓኔሉ ይናገራል። የማዘዣው ሞጁል በተቃራኒው ከፓኔሉ ትእዛዝ ተቀብሎ የአየር ማራገቢያውን ያቆማል፣ ሊፍቱን ወደ ምድር ቤት ያወርዳል፣ ተከፍቶ የተያዘውን በር ይለቅቃል። ከዚህ የተነሣ የአድራሻ ስሕተት የወሬ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሥራም ስሕተት ይሆናል። በሦስተኛው ፎቅ ለተነሣ ጭስ የአምስተኛው ፎቅ ማራገቢያ ሊቆም ይችላል።

፭. ተከላውና ዝም የሚለው ስሕተት

ሥራው በደንብ ሲሠራ የሚጀመረው በፕላን ነው። የእያንዳንዱ ዲቴክተር ስፍራ በወረቀት ላይ ይመለከታል። በእንግሊዙ ደንብ በጠፍጣፋ ጣሪያ ሥር ማንኛውም ስፍራ ከአንድ የጭስ ዲቴክተር ከ7.5 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይደረጋል። ቍጥሩም እዚያው በፕላኑ ላይ ይጻፋል፤ ሠራተኛው መሰላል ላይ ከወጣ በኋላ የሚመርጠው ነገር አይደለም። ከዚያ ሽቦው ይሳባል፤ ዕቃዎቹ ሳይያያዙ ሽቦው ብቻውን በመለኪያ ይመረመራል፤ የመመርመሪያው ብርቱ ቮልት ዲቴክተሮቹን ሊያበላሽ ይችላልና። መቀመጫዎቹ ይታሠራሉ፤ ራሶቹ የሚገጠሙት ግን ልስንና ቀለም ካለቀ በኋላ ነው፤ አቧራ ለዲቴክተሩ እንደ ጭስ ነው።

ፓኔሉ ኀይል ሲሰጠው ቍጥሮቹን ይጠራና ያገኘውን ዝርዝር ያሳያል። እዚህ ላይ ማሽኑ የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ያስፈልጋል። በቍጥር 37 የጭስ ዲቴክተር መኖሩን ፓኔሉ በራሱ ሊያውቅ ይችላል። ቍጥር 37 ያለው በሦስተኛው ፎቅ በመዝገብ ቤት ውስጥ መሆኑን ግን ሰው ካልጻፈለት ለዘለዓለም አያውቅም። ማዋቀር የሚባለው ሥራ ትልቁ ክፍል ይህ ጽሑፍ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቍጥር አንጻር የስፍራውን ስም መጻፍ፣ የትኛው ቍጥር የትኛውን ሞጁል እንደሚያዝዝ መወሰን።

በዚህ ሥራ ሁለት ዐይነት ስሕተት አለ። ሁለት ዲቴክተሮች አንድ ቍጥር ቢሰጣቸው ሁለቱም በአንድ ጥሪ «አቤት» ይላሉ፤ መልሳቸውም ስለሚጋጭ ፓኔሉ ብዙ ጊዜ ብልሽት መኖሩን ያስታውቃል። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። ለመዝገብ ቤቱ 37፣ ለወጥ ቤቱ 38 ሊሰጥ ሲገባ ሠራተኛው ቢያለዋውጣቸው፣ ሁለቱም በየጥሪያቸው በትክክል ይመልሳሉ። አንድም ቍጥር አልጐደለም፤ አንድም አልተደገመም፤ አረንጓዴው መብራት እንደ በራ ይኖራል። ስሕተቱ የሚታወቀው መዝገብ ቤቱ በተቃጠለ ቀን ፓኔሉ «ወጥ ቤት» ብሎ ሲጽፍ፣ ጠባቂውም ወደ ወጥ ቤት ሮጦ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ነው።

ይህን ስሕተት የሚያገኝ መሣሪያ የለም። የሚያገኘው በሁለት ሰዎች የሚሠራ አሮጌ ዘዴ ነው። አንዱ በፕላኑ እየተመራ በየክፍሉ ይገባና በእያንዳንዱ ዲቴክተር ላይ የሙከራ ጭስ ይነፋል፤ ሁለተኛው በፓኔሉ ፊት ቆሞ የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሥራው አላለቀም። በብዙ መቶ ዲቴክተሮች ላይ ይህን ማድረግ አሰልቺ ነው፤ ሥራው ሲቻኰል መጀመሪያ የሚቀረውም ይኸው ነው። ግንብ ፈርሶ አንድ ክፍል ሁለት ሲሆን፣ ቢሮው መጋዘን ሲሆን፣ ቍጥሩ እንዳለ ይኖራል፤ ስሙ ግን ውሸት ይሆናል።

፮. ፓሪስ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2019

ይህ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን የፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ቃጠሎ ያስረዳል። ጣሪያውን የተሸከመው የኦክ እንጨት በአብዛኛው የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነበር። ሕንፃው እጅግ የተራቀቀ የእሳት ማስጠንቀቂያ ነበረው። ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በዚያው ዓመት ባወጣው ምርመራ እንደ ተገለጸው፣ በግቢው ከ160 የሚበልጡ ዲቴክተሮችና የእጅ ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ማስጠንቀቂያው ተናገረ። መሣሪያው አልዘገየም፤ አልተሳሳተምም። በፓኔሉ ላይ የታየው ጽሑፍ አስቀድሞ ሰፊውን የሕንፃ ክፍል ይጠራል፤ ጣሪያ፣ ዋናው አዳራሽና የዕቃ ቤቱ በአንድነት ተጠርተዋል። ትክክለኛው ዲቴክተር የተጠራው ከዚያ በኋላ ዜድ-ዲ-ኤ-110-3-15-1 በሚል ረጅም ምልክት ነበር። በፓኔሉ ፊት የነበረው ሠራተኛ ለቦታው አዲስ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አንድ ጠባቂ እሳት እንዲፈልግ ተላከ፤ የሄደው ግን ከካቴድራሉ ጎን ወዳለው ወደ ትንሹ የዕቃ ቤት ጣሪያ ነበር። እዚያ እሳት አላገኘም። ነገሩ ተመርምሮ ስሕተቱ እስኪታወቅ፣ ጠባቂውም ወርዶ ወደ 300 የሚጠጋ ደረጃ ወጥቶ ወደ ዋናው ጣሪያ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። በደረሰ ጊዜ እሳቱ ከሰው ዐቅም በላይ ሆኖ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የካቴድራሉ ረጅም ሹል ማማ ወደቀ። ሕንፃው ታድሶ የተከፈተው በዲሴምበር 2024 ነው።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ በዚያ ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ፋንታ አይደለም። ለታሪክ ተማሪ ግን ከሺካጎ ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ነው። በሺካጎ ሰውየው እሳቱን በዐይኑ አይቶ የተሳሳተ ቍጥር ለመሣሪያው ሰጠ። በፓሪስ መሣሪያው ትክክለኛውን ቍጥር ለሰው ሰጠ፤ ሰዎቹ ግን ቍጥሩን ወደ ትክክለኛው ስፍራ ሊለውጡት አልቻሉም። በሁለቱ መካከል 148 ዓመት አለ። የተሰበረው ድልድይ ግን አንድ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ለማስጠንቀቂያ አድራሻ መስጠት ከ1852 ጀምሮ የታወቀ አሳብ ነው፤ የ1980ዎቹ ሥልጣኔ ያደረገው አሳቡን ከመንገድ ማእዘን ወደ እያንዳንዱ ክፍል ጣሪያ ማስገባት ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥር የስሕተቱ ስፍራ እየተወሰነ ሄዶ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ማለት ቍጥርና ስፍራ በሚገናኙበት ዝርዝር ላይ፣ ተከማችቷል። ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በሌሊት ብቻውን የሚያነበው ሰው በቅጽበት የሚረዳው መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለአገራችንም የሚጠቅም ይመስለናል። በአዲስ አበባ ዛሬ ረጃጅም ሕንፃዎች በዝተዋል፤ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችም ከውጭ አገር እየመጡ ይተከላሉ። የከተማችን ሰው ስፍራን የሚያመለክተው በአብዛኛው በቍጥር አይደለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ»፣ «ከፋርማሲው አጠገብ» እያለ ነው። በሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞችም ክፍሎቹን የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው፤ ፕላኑ «ክፍል 304» የሚለውን እነርሱ «የአሮጌው ሒሳብ ክፍል» ይሉት ይሆናል። ፓኔሉ የሚጽፈው በባዕድ ፊደልና በባዕድ ቋንቋ ከሆነ፣ በጎኑ በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝርና ፕላን ሊሰቀልበት ይገባል፤ በዝርዝሩም ላይ ሰዎቹ የሚጠሩት ስም ከክፍሉ ቍጥር ጋር ሊኖር ይገባል። ይህን ለማድረግ ወረቀት፣ ብርዕና ከጥበቃው ጋር በሕንፃው ውስጥ የሚደረግ የአንድ ቀን ጕዞ ይበቃል። ለብዙ ሺሕ ብር ከተገዛው መሣሪያ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

የእሳት ማስጠንቀቂያን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በአብዛኛው የመሣሪያ ፈጣሪዎችን ስም ያነሣሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከፈጣሪዎቹ ጋር ዝርዝሩን የሚጽፈው፣ እያንዳንዱን ዲቴክተር በጭስ የሚሞክረውና በሌሊት ጽሑፉን የሚያነበው ሠራተኛ ሊታሰብ ይገባል። እሳቱ የት ነው ለሚለው ጥያቄ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው እርሱ ነውና።